ቀጭን ሚልክ ስታውት ቀምሶ መዳኘት፦ ከአንድ የተሳሳተ ነጥብ የተማርኩት

በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ አቅራቢያ፣ በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ሥራቸውን ለዳኞች በሚያቀርቡበት አንድ ውድድር ላይ ከፊቴ ከተደረደሩት ሚልክ ስታውት የሚባሉ ሰባት ጥቁር ቢራዎች መካከል አራተኛው በመልኩ ከሌሎቹ የሚለይ አልነበረም። ጥቁር ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ጠርዙ ላይ ብቻ ቀላ ይላል፤ አረፋውም ወተት የነካው ቡና ይመስላል። አንድ ጉንጭ ይዤ በአፌ ውስጥ ሳዞረው ግን ቀጠነብኝ። ገና ሳልውጠው በልቤ ፈርጄበት ስለነበር ከ50 ነጥብ 24 ሰጠሁት። አጠገቤ የተቀመጡት፣ በቅምሻ ዳኝነት ከእኔ እጅግ የሚቀድሙት ሴት ዳኛ 35 ሰጡት።

አንድን ናሙና አብረው የሚቀምሱ ዳኞች ነጥባቸው ከ7 በላይ እንዳይራራቅ ስለሚጠበቅ፣ ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን አድርገን መነጋገር ነበረብን። እሳቸው የቢራውን ጠረን፣ የተቆላውን እህል ዓይነት፣ ጣፋጩ የት ላይ እንደሚመጣና የት ላይ እንደሚያበቃ በዝርዝር ጽፈው ነበር። እኔ ግን በጣዕም ሥር «ውኃ ውኃ ይላል»፣ በአፍ ውስጥ በሚሰጠው ስሜት ሥር «ቀጭን ነው»፣ በአጠቃላይ ግምገማ ሥር ደግሞ «ውፍረት ይጎድለዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። በሦስት ቦታ የጻፍኩት አንድ ነገር ነው፤ ጠማቂውንም በአንድ ጉድለት ሦስት ጊዜ ቀጥቼዋለሁ። ሴትዮዋ ወረቀቴን አንብበው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ የጻፍኩት ከፊቴ ስላለው ቢራ ነው ወይስ ስጠብቀው ስለነበረው ቢራ?

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህንን የቢራ ዓይነት በተለየ ትኩረት ስቀምስ ቆይቻለሁ። ይህንንም የምጽፈው በአማርኛ የምንነጋገርና ቢራን በጥንቃቄ ቀምሰን ለመፍረድ የምንፈልግ ሰዎች፣ በተለይም ቀለል ያለ ሚልክ ስታውት ሲቀርብልን፣ እኔ የሳትኩትን እንዳንስት ነው።

በቅድሚያ ስሙ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ሚልክ» በእንግሊዝኛ ወተት ማለት ቢሆንም፣ በሚልክ ስታውት ውስጥ ወተት የለም። በውስጡ ያለው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው፤ ይህም አይብ ሲሠራ ከሚቀረው አጓት ተጣርቶ በነጭ ዱቄት መልክ የሚገኝ ነው። የቢራ እርሾ ከብቅል የሚወጣውን ስኳር እየበላ ወደ አልኮልና ጋዝ ይለውጠዋል፤ ላክቶስን ግን ሊበላው አይችልም። ስለዚህ ጠማቂው በፍላቱ መጨረሻ ላይ የጨመረው ላክቶስ ፍላቱን፣ ጥንስሱንና የጠርሙስ ቆይታውን ሁሉ አልፎ እንዳለ ወደ ብርጭቆው ይደርሳል። ጣፋጭነቱ ከተለመደው ስኳር እጅግ ያነሰ፣ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ የሚጠጋ በመሆኑ፣ አፍን አያጣብቅም፤ የቁሌቱን፣ ማለትም የተቆላውን እህል፣ ምሬት ከጎን ይዞ ያለዝበዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ይህ ለእኛ ሰዎች ሁለት ተግባራዊ ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ላክቶስ ከእንስሳ ወተት የተገኘ ስለሆነ፣ በጾም ወራት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚከለከል ሰው ሌላውን ቢራ ቢጠጣ እንኳ ይህኛው የፍስክ መጠጥ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል፤ እኔ በዐቢይ ጾም ለቅምሻ ስጠራ የዚህን ዓይነት ጠረጴዛ አልቀበልም፤ አዘጋጆቹም ምክንያቱን ስነግራቸው ያለ ቅሬታ ሌላ ጠረጴዛ ይሰጡኛል። ሁለተኛ፣ ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ሰባት ናሙና በተከታታይ መቅመስ ቀኑን ሊያበላሽበት ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ይጠንቀቅ።

ስለ ውፍረት የምንጠብቀው ነገር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ክፍለ ግዛት፣ ሀይዝ በምትባል ከተማ የነበረው የማኬሰን ጠመቃ ቤት በ1907 እ.ኤ.አ. ይህን ቢራ ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን መጠጡ ለደከመና ለታመመ ሰው፣ ለምታጠባም እናት ኃይል ሰጪ ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ለምታጠባ እናት አልኮል እንደማይመከር መጨመር ይገባኛል። በኋላም «ወተት» የሚለው ስም ገዢውን ያሳስታል በሚል በዚያው አገር ከጠርሙሱ ላይ እንዲነሳ ተደርጓል። እኛም አገር የወለደች ሴት አጥሚት የምትጠጣው ጉልበት ይሆናታል ተብሎ ነውና፣ ወፍራም መጠጥን ከብርታት ጋር ማያያዙ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ምናልባትም ያ ቢራ ሲቀጥንብኝ የተበሳጨሁት ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ወተት የሚል ስም ይዞ ስለመጣ አጥሚት ጠብቄ ነበር። ይሁንና ማኬሰን ራሱ በኋለኛው ዘመኑ አልኮሉ 3 በመቶ አካባቢ የነበረ፣ በብርታቱ ቀላል የሚባል ቢራ ነው።

በአሜሪካ አብዛኞቹ የቤት ጠማቂዎች ውድድሮች የሚዳኙት በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቢጄሲፒ ተብሎ የሚታወቀው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቢራ ዳኞች ማሠልጠኛና ማረጋገጫ ፕሮግራም ባወጣው መመሪያ ነው። በመመሪያው ሚልክ ስታውት «ጣፋጭ ስታውት» በሚለው ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ የአልኮል መጠኑ ከ4 እስከ 6 በመቶ፣ እርሾው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያለው ጥግግት (ከውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት፤ ውኃ 1.000 ነው) ከ1.044 እስከ 1.060፣ እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ከ1.012 እስከ 1.024 እንዲሆን ተቀምጧል። በአፍ ውስጥ ያለው ውፍረትም ከመካከለኛ በላይ እስከ ሙሉ፣ ልስላሴም ያለው እንዲሆን ይጠበቃል። እንግዲህ ቀጭን ሚልክ ስታውት ከመመሪያው ወጣ ያለ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም፤ ነጥብም መቀነስ አለበት። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

ከ50ው ነጥብ 12ቱ ለጠረን፣ 3ቱ ለመልክ፣ 20ው ለጣዕም፣ 5ቱ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት፣ 10ሩ ለአጠቃላይ ግምገማ ነው የተመደበው። ውፍረት የሚመዘነው በአምስቱ ውስጥ ነው፤ አምስቱም ቢሆን ለውፍረት ብቻ ሳይሆን ለጋዙ፣ ለአልኮሉ ሙቀት፣ ለልስላሴውና አፍን ለማድረቁ ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ቢራ በሌላው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ቀጭን ብቻ ቢሆን፣ በዚህ ክፍል ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነጥብ፣ በአጠቃላይ ግምገማው ደግሞ ሁለት ያህል ሊያጣ ይገባል። እኔ ግን ከጣዕሙ ብቻ ስምንት ነጥብ ቀንሼ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ምክንያትም በወረቀቴ ላይ አልጻፍኩም፤ አልነበረኝምና።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሴትዮዋ ያሳዩኝን ዘዴ አሁንም እጠቀምበታለሁ። ብርጭቆዬን እንዳስቀምጠው፣ አንድ ጉንጭ ውኃ እንድጠጣ፣ ትንሽ እንድቆይና ከዚያ በኋላ ቢራውን እንደገና እንድቀምስ ነገሩኝ። ውኃውን ከጠጣሁ በኋላ ያ «ውኃ ውኃ የሚል» ብዬ የጻፍኩበት ቢራ ውኃ አለመሆኑ ወዲያውኑ ተገለጠልኝ። ምላሴ ላይ የተቆላ ገብስ፣ ጥቁር ቸኮሌትና ከኋላ ደግሞ በቀስታ የሚመጣ ጣፋጭ ነበረበት። ለካ የቀደመው ናሙና፣ ማለትም ሦስተኛው፣ እጅግ ወፍራምና ጣፋጭ ስለነበር ምላሴን በእሱ መስፈሪያ አስለምዶት ኖሯል። ቀጭን ቢራ ከወፍራም ቀጥሎ ሲቀመስ ሁልጊዜ ይበደላል። አሁን ናሙናዎቹን ከመቅመሴ በፊት ሁሉንም በአፍንጫዬ እዞራቸዋለሁ፤ ከዚያ ቀለል የሚመስለውን አስቀድሜ እቀምሳለሁ፤ ቅደም ተከተሉን መለወጥ በማይቻልበት ቦታ ደግሞ በመካከሉ ውኃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ እወስዳለሁ።

ቀጭን መሆንና ባዶ መሆን የተለያዩ መሆናቸውን እኛ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባን ነበር። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ቅራሪን ያውቃል፤ ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ ቀጭን ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ቅራሪን ጉሽ ባለመሆኑ አይወቅሰውም። ጥሩ ቅራሪ ጌሾው ይታወቃል፣ የአሻሮው ሽታም አይጠፋም፣ ጥምንም ይቆርጣል፤ መጥፎ ቅራሪ ግን የጣሳ እጣቢ ይመስላል። ቡናም እንዲሁ ነው። በረካን ከአቦል ጋር አወዳድሮ ቀጠነ ማለት ፍርድ አይደለም፤ በረካውን የሚያስመሰግነው ወይም የሚያስነቅፈው ቀጥኖ እያለ የቡና ጣዕም መያዙ ወይም አለመያዙ ነው። ለቢራውም ይህንኑ መለኪያ መያዝ ነበረብኝ።

ቀማሾችን፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሚያሳስቱን አራት ነገሮች ተቀላቅለው መምጣታቸው ነው፤ ጥቁረት፣ የአልኮል ብርታት፣ ጣፋጭነትና ውፍረት። ጥቁር ቢራ ሁሉ ወፍራም ይመስለናል። ጥቁረቱ የሚመጣው ግን በጣም ከተቆላ ትንሽ እህል ነው፤ በአንድ ጠመቃ ውስጥ ካለው እህል አሥር በመቶ የማይሞላ የተቆላ ገብስ ቢራውን ሙሉ በሙሉ ሊያጠቁረው ይችላል፤ በውፍረቱ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ከበርሜል የሚቀዳው ጊነስ ነው፤ በዓለም ከሚታወቁት ጥቁር ቢራዎች ቀዳሚው ሆኖ አልኮሉ 4.2 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ጥግግቱም ዝቅተኛ በመሆኑ በወርቃማ ቢራ ላይ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብሎ ሲፈስ ከላይ ይንሳፈፋል። አገር ቤት ከሐረር የሚመጣውን ሐኪም ስታውት የቀመሰ ሰውም የተቆላ ብቅል ጣዕም ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ፣ ከዚያ ተነስቶ ጥቁረትንና ውፍረትን ለየብቻ ማጥናት ይችላል።

ጣፋጭነትንና ውፍረትን መለየት ከሁሉ ይከብዳል። ለእኔ የረዳኝ በቤቴ ያደረግኩት ልምምድ ነው። በሦስት ብርጭቆ ውኃ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተትና ሙሉ ወተት በአንድ ዓይነት ቅዝቃዜ አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስለ ጣዕማቸው ሳላስብ በምላሴና በላንቃዬ መካከል ያላቸውን ክብደት ብቻ ደጋግሜ አጤንኩ። ውኃው ቀጭን፣ መካከለኛው ወተት መካከለኛ፣ ሙሉው ወተት ወፍራም ብለው በአእምሮ ለመያዝ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። በሌላ ቀን ደግሞ የቤት ጠመቃ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ትንሽ ላክቶስ ገዝቼ፣ በጥቂት ትኩስ ውኃ አሟሟሁትና ጣፋጭነት በሌለው ስታውት ውስጥ በተለያየ መጠን ጨመርኩት፤ በአንዱ ብርጭቆ ምንም ሳልጨምር፣ በሌላው በሊትር 15 ግራም፣ በሦስተኛው 30 ግራም እንዲሆን አድርጌ ማለት ነው። 15 ግራሙ ምሬቱን አለዘበው፤ ውፍረቱን ግን ብዙም አልለወጠውም። 30 ግራሙ ውፍረቱን በመጠኑ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ በላይ ስጨምር ደግሞ ቢራው ጣፈጠ እንጂ አልወፈረም፤ ስኳር የበዛበት ቀጭን ቡና ሆነ። ላክቶስ ብቻውን ውፍረት አያመጣም የሚለውን ማንም ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ በምላሴ ካረጋገጥኩት በኋላ ግን አልረሳሁትም።

ወደ ቅምሻው ሥርዓት ልመለስ። ጠዋት ሽቶም ሆነ ጠንካራ ሽታ ያለው ቅባት አልቀባም፤ በዋዜማው ምሽትም ሆነ በዕለቱ በርበሬ የበዛበት ምግብ አልበላም፤ የበርበሬው ቃጠሎ ላክቶስን ከእውነተኛ መጠኑ በላይ የሚያጽናና ስለሚያስመስለው ነው። ቢራውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው መቅመስ ትልቅ ስህተት ነው። ቅዝቃዜ ጠረኑን ይደብቃል፤ ቁሌቱን ያጎላል፤ ጣፋጩንም ያሳንሳል፤ ስለዚህ ቀጭኑ ቢራ ከሆነውም በላይ ቀጥኖ ይታያል። እኔ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲሆን እጠብቃለሁ፤ ብርጭቆውን በመዳፌ ይዤ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከተቀዳ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ማሽተት ነው፤ አንዳንዱ ሽታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠፋ መልኩን ከመመርመር መቅደም አለበት። በሚልክ ስታውት ውስጥ የምፈልገው አዲስ የተቆላ ቡና፣ ካካዎ፣ አንዳንዴም የገብስ ቆሎ ሽታ ነው። የቆሎው ሽታ ለእኔ የመልካም ጠመቃ ምልክት ነው። ምጣድ ላይ ያረረ እህል ከሸተተኝ ግን ቁሌቱ እንደበዛ እጠረጥራለሁና በጣዕም ክፍል ደግሜ አጣራለሁ። ላክቶስ ራሱ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ስለዚህ ሚልክ ስታውት ውስጥ ወተት ወይም ቅቤ ሸተተኝ የሚል ቀማሽ ቆም ማለት አለበት፤ የቅቤ ሽታው ብዙውን ጊዜ ከእርሾው ሥራ የተረፈ ዳያሲቲል የሚባል ነገር ነው፤ ቢራው ገና ሳይበስል ከእርሾው ሲለይ ይቀራል። በስሙ ምክንያት ብዙዎች ይህን ጉድለት የወተቱ ነው ብለው ያሞግሱታል፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ አድርጌ ነበር።

ሁለት ጉንጭ ለእያንዳንዱ ክፍል እመድባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ጣዕሙን ብቻ እከተላለሁ፤ መጀመሪያ ምን መጣ፣ በመካከል ምን ቆመ፣ ከተዋጠ በኋላ ምን ቀረ የሚለውን። ቀጭን ሚልክ ስታውት የሚፈተነው በመካከሉ ነው። ደህና የተሠራው ቁሌቱ ሳይቋረጥ ለጣፋጩ ቦታውን ይለቅለታል፤ ያልተሳካው ግን ፊት ላይ ቁሌት፣ ኋላ ላይ ጣፋጭ ሆኖ በመካከሉ ምንም የሌለበት ክፍተት ያሳያል። ይህ ክፍተት ሲኖር «ባዶ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በጣዕም ነጥብም እቀጣለሁ። ክፍተቱ ከሌለ የጣዕሙን ነጥብ አልነካም።

በቀጣዩ ጉንጭ ጣዕሙን ትቼ ስሜቱን አያለሁ። እዚህ ላይ ጋዙን ማስወገድ ያስፈልጋል። ጋዝ የበዛበት ቢራ ምላስን ስለሚወጋና ቶሎ ስለሚጠፋ ቀጭን ይመስላል፤ የቁሌቱንም ኮምጣጣነት ያሾለዋል። ስለዚህ ትንሹን በሌላ ብርጭቆ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጬ ጋዙን አስወጣና እንደገና እቀምሳለሁ። ጋዙ ሲወጣ ውፍረቱ ከተገለጠ ጉድለቱ የጋዝ ነው፤ ያኔም ለጠማቂው የምጽፈው ምክር ፍጹም የተለየ ይሆናል። በተቃራኒው ናይትሮጅን የተሞላበት ቢራ ያታልላል። በዚሁ በኮሎራዶ፣ በሎንግሞንት ከተማ የሚጠመቀው የሌፍት ሃንድ ሚልክ ስታውት በ2011 እ.ኤ.አ. በናይትሮጅን ተሞልቶ በጠርሙስ ቀርቧል። የናይትሮጅን አረፋ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ቢራው እንደ ክሬም ይለሰልሳል፤ ልስላሴው ግን የአረፋው እንጂ የፈሳሹ ውፍረት አይደለም። ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አድርጎ መቅመስ ለሚማር ሰው ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ቀጭን ቢራ አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ጉድለቱን የሚሸፍንለት ነገር የለውም። በወፍራም ስታውት ውስጥ የሚደበቅ ትንሽ የመኮማተር ስሜት እዚህ ይገለጣል። በሻይ ቅጠል ላይ ውኃው ረጅም ጊዜ ሲቆይ ድድን የሚጨብጠውና አፍን የሚያደርቀው ስሜት ማለቴ ነው፤ ይህ ምሬት አይደለም፤ ምሬት በምላስ ይቀመሳል፤ ይህኛው ግን በድድና በጉንጭ ውስጠኛው ገጽ ይዳሰሳል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እህሉ ከመጠን በላይ በሞቀ ወይም በበዛ ውኃ ሲታጠብ ነው። ያረጀ ቢራም የእርጥብ ካርቶን ሽታ ያመጣል፤ ለረጅም ጊዜ በእርሾ ላይ የቆየ ደግሞ የአኩሪ አተር ሶስ የሚመስል ጨዋማ ጣዕም ይይዛል። ያ አራተኛው ናሙና ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም። ቀጭን ሆኖ ንጹሕ መሆን ከባድ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት በዚህ ነው፤ ከሴትዮዋ ጋር ተነጋግረን 31 ላይ ስንስማማም የተስማማሁት ከልቤ ነበር።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ጠማቂው ወረቀቱን ይዞ ወደ እኛ መጣና የሠራበትን አሳየን። 19 ሊትር ጠምቋል፤ የመነሻ ጥግግቱ 1.046፣ የመድረሻው 1.014 ነው፤ አልኮሉም 4.2 በመቶ ገደማ ይሆናል። የጨመረው ላክቶስ 300 ግራም ነበር። ቁጥሮቹ በመመሪያው ወሰን ውስጥ ስለሆኑ ቢራው ለምን እንደቀጠነ አልገባውም ነበር። ሂሳቡን አብረን ስንሠራው ግን ተገለጠ፤ 300 ግራም ላክቶስ በ19 ሊትር ውስጥ ብቻውን ጥግግቱን በ0.006 ያህል ከፍ ያደርጋል። ያ ተቀንሶ ሲታይ ከብቅሉ የቀረው 1.008 አካባቢ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የደረቅ ቢራ መድረሻ ነው። ብቅሉን በ64 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ስለዘፈዘፈው፣ የእህሉ ስታርች በአብዛኛው እርሾ ወደሚበላው ስኳር ተለውጧል፤ ለአፍ ውፍረት የሚሰጠው የማይበላው ክፍል ሳይተርፍ ቀርቷል። ላክቶሱ ቁጥሩን ሞላለት እንጂ አፉን አልሞላለትም። ስለዚህ ቀጭን ሚልክ ስታውት የገጠመው ጠማቂ ላክቶስ ለመጨመር ከመቸኮሉ በፊት ሙቀቱን ወደ 67 ወይም 68 ዲግሪ ከፍ ያድርግ፤ ጥቂት የተዳመጠ አጃም ይጨምር፤ ጋዙንም ይቀንስ።

በነገራችን ላይ፣ ከጠማቂው ያገኘሁትን አንድ ጠርሙስ ቤት ወስጄ፣ በአገር ቤት ለብዙ ዓመት ጠላ ሲጠምቁ ለነበሩ ጎረቤቴ ሰጥቻቸው ነበር። ስለ መመሪያውም ስለ ነጥቡም ምንም አልነገርኳቸውም። ብርጭቆውን አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ቀጠነ እንጂ አልተበላሸም፤ አሻሮው ጥሩ ነው፤ ድፍድፉ ግን ሳስቷል» አሉኝ። እኔ ለብዙ ጊዜ አጥንቼ በወረቀት ላይ ያላሰፈርኩትን እማማ በአንድ ጉንጭ ለዩት። ቀጭኑን፣ ንጹሑንና የጉድለቱን ምንጭ በየቦታው ነው ያስቀመጡት። ጠላ የቀመሰ ምላስ ለዚህ ሥራ ምን ያህል የተዘጋጀ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ወገኖቼ ወደ ቢራ ዳኝነት ሥልጠና እንዲመጡ የምመኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጎደለን ስም የመስጠት ልማድ ብቻ ነው።

ጠማቂው ከጥቂት ወራት በኋላ በ68 ዲግሪ የዘፈዘፈውንና ግማሽ ኪሎ ያህል አጃ የጨመረበትን ሁለተኛ ጥምቅ ከመጀመሪያው የመጨረሻ ጠርሙሶች ጋር አመጣልኝ። ሁለቱን ያለ ምልክት በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ቀዳልኝና ቀመስኳቸው። አዲሱ በእርግጥ ወፍሯል፤ በአፍ ውስጥ ይቆያል፤ እንደ ክሬምም ይለሰልሳል። ነገር ግን የገብስ ቆሎው ሽታ ደብዘዝ ብሏል፤ ያ የፊተኛው ጥርት ብሎ የማለቅ ባሕርይም ጠፍቷል። አዲሱን 37፣ የቀድሞውን አሁንም 31 ሰጠኋቸው። ለሚቀጥለው ውድድር የትኛውን እንደሚያቀርብ ሲጠይቀኝ ወፍራሙን አልኩት፤ መመሪያው የሚጠይቀው እሱን ነውና። በዚያው ምሽት ለዶሮ ወጡ የከፈትነው ግን ቀጭኑን ነበር፤ ላክቶሱ የበርበሬውን ቃጠሎ አበረደው፤ ቀጭንነቱም ሆዳችንን ሳይሞላ እስከ ማዕዱ መጨረሻ አብሮን ቆየ።